አንፊልድ፣ ግንቦት 18 ቀን 1981 ዓ.ም.፦ ጥፋቱ የባርንስ ነው ወይስ አይደለም?

የከዚራ ልጅ

የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። ያንን ዋንጫ ያመጣልን ማይክል ቶማስ ብቻ አይደለም፣ የሊቨርፑሉ ጆን ባርንስም እጁ አለበት። ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ተነሥቶ ተጯጩኸን ስላልጨረስነው እዚህ አመጣሁት።

ላልደረሳችሁበት ታናናሾች ነገሩ እንዲህ ነው። የ1988/89 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የእንግሊዝ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታ ሊቨርፑል ከአርሰናል ነበር፣ ያውም በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ። ከጨዋታው በፊት ሊቨርፑል 76 ነጥብና 39 የግብ ልዩነት፣ አርሰናል 73 ነጥብና 35 የግብ ልዩነት አላቸው። አርሰናል አንድ ለባዶ ቢያሸንፍ ዋንጫው እዚያው አንፊልድ ይቀራል። ሁለት ለባዶ ካሸነፈ ግን ነጥባቸውም የግብ ልዩነታቸውም እኩል ይሆንና ብዙ ያገባው አርሰናል ይወስዳል። አርሰናል ደግሞ ዋንጫ ካነሣ 18 ዓመት ሆኖታል፤ በአንፊልድ ካሸነፈም ከ1974 ወዲህ የለም።

እሺ፣ አላን ስሚዝ በ52ኛው ደቂቃ አንዱን አገባ። 90 ደቂቃው ሞልቶ ባከነ ሰዓት ተገባ። ሊቨርፑል ተሸንፎም ሻምፒዮን ነው። ኳሱ ባርንስ እግር ሥር ነው፤ በአርሰናል ክልል በቀኝ በኩል፣ የማዕዘኑ ባንዲራ ደግሞ እዚያው አጠገቡ። ለገሃር ፊት ለፊት በላስቲክ ኳስ የሚጫወት ልጅ እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፦ ኳሱን ማዕዘን ወስዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ መቆም! ባርንስ ግን አልፎ ሊገባ ሞከረ። የአርሰናሉ ሪቻርድሰን ነጠቀውና ለበረኛው ለሉኪች መለሰ። ሉኪች በረጅሙ ይመታዋል ሲባል በእጁ ለዲክሰን ወረወረ። ዲክሰን ወደፊት ለስሚዝ፣ ስሚዝ ተቀብሎ በሩጫ ላይ ላለው ለቶማስ። ቶማስ ከኒኮል ጋር ሲላተም ኳሱ ነጥሮ መልሶ እሱው ላይ ወደቀለት። ከፊቱ የቀረው የሊቨርፑሉ በረኛ ግሮቤላር ብቻ ነበር፤ አገባበት።

ባርንስ ማዕዘን ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም። ተከራከሩኝ።

ጀጎል ቀዩ

ከሐረር የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፤ ሳልጠራ መጥቻለሁ።

ወንድሜ፣ ታሪኩን ከመጨረሻዋ ደቂቃ ጀምረህ ስታወራ ፍርዱ ቀላል ይሆንልሃል። ጨዋታው ለምን በግንቦት መጨረሻ ተደረገ? መጀመሪያ የተያዘለት ቀን ሚያዝያ 15 ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን በሂልስቦሮ ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች በግፊያ ሲያልቁ ነው የተላለፈው። ዛሬ የሟቾቹ ቁጥር 97 ነው፤ የመጨረሻው ሰው በጉዳቱ ሳቢያ ያረፈው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እነዚያ ተጫዋቾች ሳምንቱን ሙሉ ከቀብር ወደ ቀብር ሲሄዱ ከርመው ነው ወደ ሜዳ የተመለሱት። ግንቦት 12 ቀን ከኤቨርተን ጋር የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ 120 ደቂቃ ተጫውተው 3 ለ 2 አሸነፉ። ግንቦት 15 ቀን ዌስት ሃምን 5 ለ 1። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው አርሰናል የመጣው። የእናንተ ልጆች ደግሞ ከዊምብልደን ጋር አቻ ከወጡ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አርፈዋል።

በዚያ ላይ ኢያን ረሽ በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ወጣ። እግር ዝሎ፣ ልብ ቆስሎ፣ አንድ ሰው በ91ኛው ደቂቃ የወሰነውን ውሳኔ ይዛችሁ ስታላግጡ አያምርባችሁም።

አንድ ነገር ግን ለአርሰናል እመሰክራለሁ። ጨዋታው ሳይጀመር ተጫዋቾቹ እቅፍ አበባ ይዘው ወደየደጋፊው ሄደው ሰጥተዋል። ሲያልቅ ደግሞ ኮፕ በሚባለው የአንፊልድ ክፍል ያለው የሊቨርፑል ደጋፊ ዋንጫውን ለነጠቀው ቡድን አጨብጭቧል። ይህንን ዛሬ በየትኛው ሜዳ ታገኙታላችሁ?

ሳቢያን

ድካሙን ተቀብያለሁ። ግን የሊቨርፑሉ ማክማሆን ጣቱን ቀስሮ «አንድ ደቂቃ ቀረ» እያለ ጓደኞቹን ሲያበረታታ ካሜራ ይዞታል። የቀረውን ሰዓት እያወቁ ነው እንግዲህ። የደከመ ሰው ማዕዘን ላይ መቆም ነው የሚቀለው ወይስ ተከላካይ ማለፍ?

ዘጠነኛ ለ

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ባርንስን ነጻ የሚያወጣ ሒሳብ አለኝ።

ሁለቱም ቡድኖች ሊጉን የጨረሱት በ22 ድል፣ በ10 አቻና በ6 ሽንፈት ነው። አንዲትም ልዩነት የለም። አርሰናል 73 አግብቶ 36 ገባበት፤ ሊቨርፑል 65 አግብቶ 28 ገባበት። ሲቀነስ ሁለቱም 37። ያገባው ብዛት ታየና 73 ከ65 በለጠ፣ ዋንጫው ወደ ለንደን ሄደ።

አሁን ልብ በሉ። እንግሊዞች እኩል ነጥብ ያላቸውን ቡድኖች በመቀነስ መለየት የጀመሩት ከ1976/77 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያገባውን ለገባበት ያካፍሉ ነበር። 65 ለ28 ሲካፈል 2.32፤ 73 ለ36 ሲካፈል 2.03። በድሮው ሕግ ቶማስ ያንን ጎል አግብቶም ሻምፒዮኑ ሊቨርፑል ነው! ማካፈል ጥቂት የሚገባበትን ቡድን ይወድዳል፣ መቀነስ ግን ሁለቱንም እኩል ያያል። ሕጉ የተለወጠውም ጎል የሚፈልግ ቡድን እንዲጠቀም ነበር። ይኸው አርሰናል ተጠቀመበት።

ተማሪዎቼ ክፍልፋይ ምን ያደርግልናል ብለው ሲጠይቁኝ የማመጣላቸው ምሳሌ ይህ ነው። የሊቨርፑል ደጋፊ የሆኑት ፊታቸው ይጠቁራል።

የከዚራ ልጅ

መምህር፣ ሒሳቡ ያምራል፤ ባርንስን ግን አያድንም። ሕጉ ከተለወጠ 12 ዓመት አልፎታል። ያን ዕለት ማታ ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሊቨርፑል አንድ ለባዶ ቢሸነፍ ዋንጫው የእሱ ነው፣ ሁለት ለባዶ ከሆነ ግን አይደለም ብሎ ነው የገባው።

ዘጠነኛ ለ

ልክ ነህ። ግን አንድ ጎል፣ በየትኛውም ጨዋታ፣ ለሊቨርፑል ቢጨመርለት ኖሮ 38 ለ37 ይሆን ነበር። ዌስት ሃምን 6 ለ 1 ቢረቱት ዛሬ ስለ ባርንስ አናወራም። 38 ጨዋታ ሙሉ የሳቱትን ሁሉ ትታችሁ ለምን እሱ ብቻ ተያዘ?

አሸዋ

እኔ የምጠይቀው ስለ መጀመሪያው ጎል ነው። ስሚዝ ኳሷን ነክቷታል? ካልነካት እኮ ጎል አይደለችም።

ለገሃር

በዚህች ጎል ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ነው ያደግነው።

ጨዋታው ሲደረግ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነው የተጀመረው፣ ሲያልቅ ስድስት ሊሞላ። ግንቦት 8 ጄኔራሎቹ የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ገና አሥር ቀኑ ነበር፤ በእኛ ቤት ሬዲዮ የሚከፈተው ማን ታሰረ፣ ማን ተረፈ ለማለት እንጂ ለኳስ አልነበረም። ጨዋታውን ያየነው ዓመት ቆይቶ፣ አጎቴ ከጅቡቲ በባቡር ባመጣው የቪዲዮ ካሴት ነው። ካሴቱ እዚያ የተቀዳ ስለሆነ በፈረንሳዮቹ በሴካም አሠራር ነው፤ የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ፓል። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ሥዕሉ ግን ጥቁርና ነጭ። የአርሰናል ቢጫ ማሊያ ነጭ ሆኖ፣ የሊቨርፑል ቀይ ጠቁሮ ነው የምናየው። አርሰናል ያን ቀን ቢጫ ለብሶ እንደነበር ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ አጎቴ እስካሁን አያምንም።

ወደ ጎሏ ስመለስ፦ ዊንተርበርን ቅጣት ምቷን አሻማ፣ አዳምስ ተከላካዮቹን ይዞ ሮጠ፣ ስሚዝ ከኋላ መጥቶ አንገቱን ዘወር አደረገ። ያችን ቦታ ወደኋላ እየመለስን ስናያት ካሴቱ ተላጠ። አጎቴ «ነክቷል»፣ እናቴ «አልነካም»። እናቴ ኳስ አትወድም፤ ዓይኗ ግን ከሁላችን ይበልጣል።

የቀድሞ ፊሽካ

ለረጅም ጊዜ በዞንና በክልል ደረጃ ዳኝቻለሁ፤ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ያ ቅጣት ምት ቀጥታ ወደ ጎል የማይመታ ነበር። ዳኛው ክንዱን ሽቅብ ዘርግቶ ይቆያል፤ ኳሱ ሌላ ተጫዋች ሳይነካ መረብ ውስጥ ከገባ ጎል ሳይሆን የመልስ ምት ነው። የሊቨርፑል ልጆች ዳኛውን የከበቡትም ለዚህ ነው። ዳኛው ዴቪድ ሃቺንሰን ሄዶ የመስመር ዳኛውን አነጋገረ፣ ተመልሶም ጎሉን አጸደቀ። ጫጫታ ፈርቶ የሚወስን ዳኛ ቢሆን በአንፊልድ፣ በዚያ ምሽት፣ የሚሽረው ይመስለኝ ነበር። ስሚዝ ራሱ ነክቻለሁ ብሏል። እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ኳሱ አቅጣጫ ይቀይራል። ለእናትህ ይቅርታ፣ ለገሃር።

ሁለተኛው ግን ማንም ያላነሣው ነው። ሪቻርድሰን ከባርንስ ነጥቆ በእግሩ ወደ ሉኪች መለሰ፤ ሉኪች በእጁ አነሣ። ያን ጊዜ ይፈቀድ ነበር። በረኛ ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይነካ የተከለከለው በ1992 ነው። ያ ጨዋታ ከአራት ዓመት በኋላ ቢሆን ኖሮ በዚያች ቅጽበት ፊሽካ ይነፋል፤ ሊቨርፑል በአርሰናል የቅጣት ክልል ውስጥ ቅጣት ምት ያገኛል። ያለቀለት ነገር ነበር። ስለዚህ መምህሩ ካለው የ1976 ሕግና ከ1992ቱ ሕግ መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊሆን የሚችል ዋንጫ ነው። ይህን ሳስብ ይገርመኛል።

ሳቢያን

አቦ! ይህንን ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ይዤው እሄዳለሁ።

ጨርቃ ጨርቅ ሰፈር

እናንተ ልጆች ባርንስን ስትወቅሱ ዝም ብዬ አነበብኩ። እኔ ኳስን ያወቅሁት የፋብሪካችን ቡድን በ1950ዎቹ እየደጋገመ የአገር ሻምፒዮን በሆነበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ኳስ ማዕዘን ወስዶ ቂጡን ገትሮ የሚቆም ተጫዋች ቢኖር የራሱ ደጋፊ ነው የሚሰድበው። ኳስ የያዘ ሰው ወደ ጎል ይሄዳል። ባርንስ ያደገበትን ኳስ ነው የተጫወተው፤ ሰዓት መግደል እንደ ጥበብ የተቆጠረው በእናንተ ዘመን ነው።

ሰዓት መጠበቅ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እዚሁ አገራችን ታይቷል። በ1968 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እኛ ከተማ ድሬዳዋ ነበር፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ሆና መጥታ ከምድቧ ሳታልፍ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም፤ አራት ቡድኖች እንደ ሊግ እርስ በርስ ተጫውተው ነጥብ ይቆጠራል። የመጨረሻው ቀን መጋቢት 5፣ አዲስ አበባ፣ ሞሮኮ ከጊኒ። ለሞሮኮ አቻ ይበቃታል፣ ጊኒ ማሸነፍ አለባት። ጊኒ በ33ኛው ደቂቃ አገባች። ከዚያ በኋላ የቀራት ሰዓቱን መጨረስ ነበር፤ እየመራች አራት ደቂቃ ሲቀረው ሞሮኮ አስቆጠረች፤ ዋንጫው ሄደ። ሞሮኮ ከዚያ በፊት አልወሰደችውም ነበር።

ውጤት የበቃው ቡድን ይፈራል። ሊቨርፑልንም ያን ማታ ያየኋቸው እንደዚያ ነው፤ ማጥቃትም አልቻሉ፣ መከላከልም አልቆረጡ። ባርንስ ከሁሉም የማይፈራው ሆኖ ነው የተያዘው።

አሸዋ

ጋሼ፣ የሞሮኮን ልጆች ድሬዳዋ ላይ ሲጫወቱ አይተዋቸዋል?

ጨርቃ ጨርቅ ሰፈር

አይቻለሁ። «አንተ» በለኝ እንጂ፤ ድሬ ላይ ሆነህ «እርስዎ» ስትለኝ የታመምኩ ይመስለኛል።

የከዚራ ልጅ

እሺ፣ በአንድ ነገር ልስማማ፦ ሊቨርፑል ያን ቀን ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ነበር። አርሰናል ግን ያውቅ ነበር፤ ይህንንም ዕድል ነው እያሉ ማለፍ ግፍ ነው። አሠልጣኛችን ጆርጅ ግራሃም ሁለት ጎል ማግባት ያለበት ሰው ሆኖ ተከላካይ ጨመረ! ኦሊሪን ከአዳምስና ከቦልድ ጋር ደርቦ አምስት ተከላካይ አሰለፈ። ሰው ያበደ መሰለው። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነበር፤ ዲክሰንና ዊንተርበርን በመስመር ወደፊት ወጥተው ባርንስንና ሃውተንን ከሩቅ ያፍኗቸዋል፣ መጀመሪያ እንዳይገባብን፣ ከዕረፍት በፊት ባዶ ለባዶ ቢሆንም አንደነግጥም፣ በሁለተኛው አጋማሽ አንድ እናገባለን፣ ከዚያ እነሱ ይርበደበዳሉ። ጋሼ ያልከውን ፍርሃት ግራሃም ቀድሞ አስቦበታል። ቦልድን አስወጥቶ አጥቂውን ግሮቭስን ያስገባው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ በሜዳችን በደርቢ ካውንቲ 2 ለ 1 ተሸንፈን፣ ከዊምብልደን 2 ለ 2 ወጥተን ዋንጫውን በእጃችን አሳልፈን ሰጥተን ነበር። እሱን አልክድም። ሊቨርፑል በበኩሉ ከአዲሱ የፈረንጆች ዓመት የመጀመሪያ ቀን ወዲህ አልተሸነፈም፤ በሜዳው በሁለት ጎል ከተረታም ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጀጎል ቀዩ

ይህንን እቀበላለሁ። ግራሃም በጨዋታ ንድፍ በልጦናል። ዳልግሊሽ ያን ወር የቡድን አሠልጣኝ ብቻ አልነበረም፤ የሟቾችን ቤተሰብ ሲያጽናና፣ ቀብር ሲገኝ ነው የከረመው። ዕቅድ ለማውጣት ጊዜ ይኑረው አይኑረው ለራሳችሁ ፍረዱ።

ሳቢያን

ቶማስ ከዚያች በፊት አንድ ያለቀላት ኳስ ስቶ ነበር አይደል?

ለገሃር

አዎ፣ በሁለተኛው አጋማሽ። ሳጥን ውስጥ ብቻውን ሆኖ ግሮቤላር እጅ ላይ መታት። ለዚህ ነው ሁለተኛዋ ጊዜ የምታስደንቀኝ። አልተጣደፈም። ሃውተን ከኋላ እየደረሰበት፣ ኒኮል እየተመለሰ፣ እሱ ግሮቤላር እስኪወድቅ ጠበቀ። በካሴቱ ላይ አንድ እርምጃ የዘገየ ይመስላል፤ እኛ ቤት «ምታ!» እያልን እንጮኻለን፣ ውጤቱን እያወቅን። ከጎሏም በኋላ ሊቨርፑል የመጨረሻዋን ኳስ ሳጥን ውስጥ ሲጥል ደርሶ ያቋረጣትና ተረጋግቶ ለሉኪች የመለሳት እሱው ቶማስ ነው።

አሸዋ

ከዚያ በኋላ ይኸው ሰው ሊቨርፑል ገባ ሲባል ሰምቼ አላመንኩም ነበር።

ጀጎል ቀዩ

ገብቷል፣ በ1991 መጨረሻ። በ1992 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሰንደርላንድ ላይ አግብቶልን ዋንጫ ወስደናል። ስለዚህ ከእሱ ጋር ሒሳብ ተዘጋግተናል። በ1990 ሊጉን መልሰን ወሰድን፤ ቀጥሎ እስከ 2020 ማለትም 30 ዓመት እንደምንጠብቅ ማን ይገምታል!

ባርንስን ግን ተዉልኝ። ለእኔ የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፤ ግሮቤላር ለምን ቀድሞ ወደቀ? አንድ አፍታ ቆሞ ቢጠብቅ ቶማስን ሃውተን ይደርስበት ነበር። እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ካለ ዝግጁ ነኝ።

የቀድሞ ፊሽካ

በረኛው ላይ እንዳትጀምር! ቆሞ ቢጠብቅ ደግሞ «ለምን አልወጣም» ትሉት ነበር።

የከዚራ ልጅ

ለግሮቤላር ሌላ ክር ክፈትለት፣ ጀጎል። እኔ መጥቼ እከላከልለታለሁ፤ ዕዳ አለብን።